በጸሎት የተቆጠረ ልብ

ገሳይ፣ ጥር 4 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለኑሩ፤

ሰላምታዬ ለአንተም ለሚስትህ ለጀሚላም እኩል ይድረሳችሁ። ደህና ነዎት ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይለግማል። አባቴ መሪጌታ ወርቁም ደህና ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጆሯቸው ብሶበታል፤ የሦስት ቤት ሐሜት ከተቀመጡበት ይሰማሉ። እኔና አንተ በፈረንጆቹ ሐኪም ቤት የሠራንበትን ዘመን ሳነሣባቸው ዛሬም «ያ እስላሙ ልጅ ጨዋ ነበር» ይሉሃል። መልስ ስላዘገየሁ አትቀየመኝ። ወረቀት ከየት ይምጣ? ይኸም የነጋዴው ዘመድህ ይማም ሸማ የጠቀለለበት ነው።

አሁንም ያዋልዳሉ ወይ ብለሃል። ጣሊያን ገባ ብለው ሴቶቹ መውለድ አልተዉም፣ እኔ በምን ምክንያት እተዋለሁ? ጥር 2 ሙሉን አዋለድኳት። አታውቃትም፤ ከእኛ ቤት በታች ያለችው የዘውዱ ሚስት ናት። ዘውዱ ከመስከረም ጀምሮ ዱር ቤቴ ብሎ ጣሊያንን ይወጋል። ይህን አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው። ልጁ ወንድ ነው። ወዲያው አለቀሰ፣ ወዲያው ጠባ፣ ቆዳውም እንደ ደህና ልጅ ቀላ።

ችግሩን ልንገርህ። ሙሉ ከዚህ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተውባታል፤ ወንዱ በዘጠኝ ቀኑ፣ ሴቷ በሃያ ቀኗ። ሁለቱንም ጊዜ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጊዜ ደረታቸውን አዳምጬ «ደህና ነው፣ አይዞሽ» ብያታለሁ። አሁን ያንኑ ቃል ስነግራት ፊቷን ታዞራለች፤ አልፈርድባትም። ልጁን ታጠባዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ከዚያ እንደ ሰው አደራ አስቀምጣ ከሩቅ ታየዋለች። ስማው አታውቅም። የአንቺን ጆሮ አልፈልግም፣ ያቺ ፈረንጅ ሐኪም ትቆጥር እንደነበረው ቁጠሪልኝ አለችኝ።

ሐኪሟ ስትሄድ የእንጨት ማዳመጫዋን ለእኔ፣ የኪስ ሰዓቷን ለአንተ እንደተወች ታስታውሳለህ። ያን ጊዜ እኔ እየሰማሁ በጣቴ እመታላት ነበር፤ እሷ በሰዓት እየያዘች ትጽፍ ነበር። ስንት ብላ እንደምትጽፍ ጠይቄ አላውቅም፤ መቼም ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩማ። አሁን ሰዓት ስለሌለኝ አባቴን ሰዓት አደረግኋቸው። የወላድ ቤት ስለማይገቡ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። እኔ ከውስጥ ማዳመጫውን የልጁ ደረት ላይ አድርጌ «ይጀምሩ» እላቸዋለሁ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው እስኪጨርሱ ልቡ ስንት እንደመታ እቆጥራለሁ። እሳቸው ሲደግሙ ዛሬም ነገም ያው ናቸው፤ አይፈጥኑም አይዘገዩም።

ነቅቶ ጸጥ ሲል ዘጠና ስድስት ይመታል። ሲተኛ ሰባ። ሦስት ቀን ቆጥሬ ያው ነው። ይህ የደህና ልጅ ልብ ነው ወይስ አይደለም? ወደ ሰዓት ለውጠህ መልስልኝ። ሙሉ ከእኔ ቃል ይልቅ የአንተን ወረቀት ትጠብቃለች።

ፈንታነሽ ወርቁ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈንታነሽ፤

አላህ ጤናዎን አያጓድልብኝ። መሪጌታንም ኑሩ እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ። ጀሚላ ሰላም ብላለች፤ ባለፈው የላኩላትን ጎመን ዘር ዘርታው ዶሮ ጫረባት፣ ይህን ሳትነግራቸው እንዳትጽፍ ብላ አስጠንቅቃኛለች።

በይማም አፍ ለላኩብኝ ጥያቄ፣ አዎን፣ ከጣሊያኖቹ ጋር ነው የምሠራው። ያንኑ ሐኪም ቤታችንን አንድ ካፒቴን ሐኪም ይዞታል። እኔ ቁስል አጥባለሁ፣ ፋሻ አስራለሁ፣ እንጀራዬን እበላለሁ። ከዚህ በላይ ባልጽፍ እንደሚረዱልኝ አውቃለሁ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት መልስ መስጠት ሲገባኝ አንድ ቀን አሳደርኩት፤ ይቅር ይበሉኝ። ቁጥሩን ወደ ሰዓት ለመለወጥ ጸሎቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ማወቅ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ እንደሚያውቁት አልደግመውም። ስለዚህ የበሩን ዘበኛ ማሩን ጠራሁት፤ ቀድሞ ዲያቆን ነበር ይላሉ። አቡነ ዘበሰማያት በልልኝ ስለው ክርስትና ልነሣ የፈለግሁ መስሎት ደነገጠ። ሰዓቱን ሳሳየው ግን ነገሩ ገብቶት እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ቆመና ደገመልኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ በሃያ ሴኮንድ ጨረሰ። በደቂቃ ሦስት ይገባል ማለት ነው። ዘጠና ስድስት በሦስት ሲባዛ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ይሆናል። የተኛው ቁጥርም ሁለት መቶ ዐሥር ይሆናል።

እትዬ፣ ሐኪሟ በተወችልኝ ደብተር ላይ የደህና ጨቅላ ልብ ነቅቶ በደቂቃ ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስድሳ ይመታል፣ ሲተኛ ወደ መቶ ይወርዳል የሚል አለ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት የሚል የትም የለም። ያሳደርኩት ሒሳቡን ደጋግሜ ለመሥራት ነው፤ ሒሳቡ ስህተት የለበትም። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን ልጁ ደህና አይደለም። እኔ ዘንድ መድኃኒት ይገኛል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጡልኝ። ኬላው ላይ የጀሚላ ዘመድ ናት ይበሉ፤ ማተቧን በነጠላዋ ትሸፍን። ለሙሉ እንዴት እንደሚነግሯት አንቱ ያውቃሉ።

ኑሩ


ገሳይ፣ ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ኑሩ፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ይማም በቅሎውን ጭኖ ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በጥምቀት ማግስት ነው። ለሙሉ አላነበብኩላትም። አንድ ሁለት ቀን ልጁን ልየው ብዬ ነበር፤ ጆሮዬ ቁጥርህን እንቢ ብሎኛል። እሷ ግን ወረቀቱን ስከፍት አጠገቤ ነበረች። ፊደል ባትቆጥርም ፊት ማንበብ ታውቅበታለች። ምን ይላል ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ትናንት ጠዋት ልጁን ላጥበው ብወርድ ቤቱ ባዶ ነው። የደብረ ታቦርን መንገድ ስትይዝ ጎረቤት አይቷታል። ገና ዐሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ያውም ብቻዋን።

እያለቀስኩ ተመልሼ ደብዳቤህን ለአባቴ አነበብኩላቸው። ማሩ ጋ ስደርስ «በስንት ጨረሰ?» ብለው አስቆሙኝ። ሴኮንድ ምን እንደሆነ በእጄ እያጨበጨብኩ አስረዳኋቸው። «ያ ዘበኛ ውሻ እያባረረው ነው የደገመው?» አሉኝ። ከዚያ የራሴን ልብ እንድቆጥር አዘዙኝ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ደገሙ፣ እኔ የእጄን ደም ስር ይዤ ቆጠርኩ። ሃምሳ መታ። በአንተ ሒሳብ የእኔ ልብ በደቂቃ መቶ ሃምሳ ይመታል ማለት ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ አንተም ይህን ደብዳቤ አታገኝም ነበር።

አየህ፣ አባቴ ሲደግሙ ቃል አይውጡም፤ በየሐረጉ ያርፋሉ። ከአቡነ ዘበሰማያት ጋር ደግሞ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ያስከትላሉ። እኛ ዘንድ ሁለቱ ተያይዘው ስለሚደገሙ ለብቻው ልነግርህ ትዝ አላለኝም፤ አንተም ከየት ታውቀዋለህ? ማሩ ያዘዝኸውን ብቻ፣ እሱንም በሩጫ ደገመልህ። ጥፋቱን ለሦስት እንካፈለው።

የደህና ትልቅ ሰው ልብ በደቂቃ ሰባ ምናምን ይመታል ስትሉ እሰማ ነበር። የእኔ ሃምሳ ሰባ ምናምን ከሆነ የልጁ ዘጠና ስድስት ወደ መቶ አርባ አይመጣም? ደብተርህስ የሚለው ያንኑ አይደለም?

ልጁ ደህና ነው ኑሩ። ደህና ልጅ ታቅፋ ነው ኬላ የምትገባው። ያ ኬላ የዘውዱን ስም ያውቃል። ሕፃን ይዛ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጅባታልና ይማም ከቀደማት ይመልሳታል። ካልቀደማት አንተ ወጥተህ ጠብቃት።

ፈንታነሽ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈንታነሽ፤

እንደምን ከረሙ? ይማም አልደረሰባትም። ሙሉ እዚህ ደርሳለች።

ልጁን በሰዓት ቆጠርኩት። ነቅቶ ጸጥ ሲል መቶ አርባ ነው፤ ተኝቶ መቶ ሁለት፤ ሲያለቅስ መቶ ስድሳ ስምንት ደረሰና ጡት ሲይዝ ተመለሰ። ሐኪሟ ደህና ልብ እንዲህ ነው ትል ነበር፣ በእንቅልፍ ይቀዘቅዛል፣ በልቅሶ ይፈጥናል። የሚያስፈራት አንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ የሚቀረው ነበር። የመሪጌታን ጸሎት ሳሰላው አርባ አንድ ሴኮንድ ይመጣል። አንድ ቀን ከግድግዳው በዚያ በኩል ተቀምጬ ብሰማቸው ደስ ይለኛል።

ስለ ስህተቴ ምን ልበልዎ? ያን ያህል የሚመታ ልብ በጆሮ ሊቆጠር እንደማይችል አውቅ ነበር። ቁጥሩን ከመቀበሌ በፊት እትዬ ፈንታነሽ እንዴት አድርገው ቆጠሩት ብዬ አለመጠየቄ ያሳፍረኛል። ማባዛቴ ልክ ስለነበረ ኮርቼ ነበር። ሌት ተቀን ይኸው ነው የሚያብሰለስለኝ።

መቼ ትመለሳለች ይሉኝ ይሆናል፤ በቅርቡ ይመስለኛል። ያለችበት ቦታ ደህና ነው። አይሥጉ።

ኑሩ


ገሳይ፣ ጥር 22 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለኑሩ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ ተቆጥቻለሁ፣ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ።

ያለችበት ቦታ ደህና ነው ብለህ ጻፍህልኝ። ይማም ግን መዋሸት አይችልበትም፤ ሲጠየቅ የበቅሎውን ጆሮ ማከክ ይጀምራል። እያከከ ሁሉንም ነገረኝ። ኬላው ላይ ከዚሁ ከገሳይ የሄደ ባንዳ ለይቷታል። የዘውዱ ሚስት ናት ብሎ አስይዟታል። አሁን ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለው አጥር ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ታስራለች፤ እዚያም ተስቦ ገብቶ በዚህ ሳምንት ሁለት ሴቶች ሞተዋል። አንተም ልጁን የቆጠርከው እዚያው ነው፣ በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፋ ሰጥታህ። የደበቅኸኝ ለእኔ አዝነህ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለተኛ እንዳታዝንልኝ።

አሁን የምጽፍልህን ልብ በል። ዘውዱ ሰው ልኮብኝ ነበር። ልግባና እጄን ልስጥ ወይ ነው የሚለው። አምና ከዚህ ሀገር እጁን የሰጠ ሰው ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። ቢገባ እሱ ይሞታል፣ እነሱም ለመፈታታቸው ዋስትና የለም። ባይገባ ልጁን ተስቦ ይወስድበታል ብሎ ይሰጋል። የአንተ መልስ እስኪደርሰኝ እያመመኝ ነው ብዬ መልእክተኛውን መልሻለሁ። ያን ካፒቴን ደግ ነው ክፉ ብዬ አንዴ ጠይቄህ ዝም ብለኸኛል። ዛሬ ያ ጥያቄ ለወሬ አይደለም።

ሌላው፣ ለሙሉ ነግረሃታል? እስከ ዛሬ የታመመ ልጅ የታቀፈች እየመሰላት ከሆነ ይህ ከአጥሩ የባሰ እስር ነው። እኔ ልነግራት አልችልም፤ ቃሌን ሁለት ጊዜ አቃጥዬዋለሁ። ያሳሳትካት አንተ ነህና አንተው ንገራት።

አባቴ ሰላም ብለውሃል። ማሩንም ሰላም በልልን፤ ጸሎቱን ቀስ ይበልበት።

ፈንታነሽ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 29 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈንታነሽ፤

ቁጣዎ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። ዘውዱ እንዳይገባ ይንገሩልኝ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ለሙሉ ነገርኳት። በአጥሩ ቀዳዳ ልጁን ተቀብዬ ቆጥሬ ስመልስላት እንደ ወትሮው «ስንት ነው?» አለችኝ። መቶ ሠላሳ ስምንት አልኳት። ከዚያ የመጀመሪያው ቁጥር የእኔ ስህተት እንደነበረ፣ ልጇ አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ፣ በእኔ ምክንያት እንደታሰረች ሁሉንም ሳልሸፍን ነገርኳት። ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «የፊተኞቹን ማንም አልቆጠረልኝም። አንተ ተሳስተህም ቢሆን ቆጥረኸዋል።» ከዚያ ዞር ብላ ልጁን ሳመችው፤ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ እግሮቹን ሳይቀር። ለረጅም ጊዜ ሳመችው። እኔ ማሩ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ቆምኩ።

ስለ ካፒቴኑ ለጠየቁኝ። ደግ ነው ልል አልችልም፤ ሴቶቹ ከመስኮቱ ሥር ሲታመሙ እያየ ምሳውን ይበላል። ክፉም አይመስለኝም። ሐሳቡ ያለው መጽሐፉ ላይ ነው። የደገኛ ጨቅላ ልብ ከሀገሩ ጨቅላ ልብ ይለይ እንደሆነ ሊጽፍ ይፈልጋል። ለዚህ ምንም ያልታመመ ልጅ አግኝቶ ከተወለደ እስከ አርባ ቀኑ በየዕለቱ ማስቆጠር አለበት። ግን የትኛዋ እናት ደህና ልጇን ለእሱ ታመጣለታለች? አንድ ዓመት ሙሉ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ ገባሁና የሚፈልጉት ልጅ ከአጥሩ ውስጥ አለ፣ ከጥር 2 ጀምሮ ያለው ቁጥሩ በእጄ ነው፣ ነገር ግን ተስቦ ከያዘው ቁጥሩ ይበላሻል አልኩት። እንደ በግ ሻጭ ስለ ልጁ ሳወራ አፈርኩ። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሣ። በዚያው ዕለት ሙሉንና ልጁን ከሐኪም ቤቱ ውስጥ ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል አስገባቸው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል፣ ወተትም ታዞላታል። የእርስዎንም ቁጥሮች በአርባ አንድ ሴኮንድ አስልቼ ሰጠሁት፤ በምን ዓይነት ሰዓት ተለኩ ሲለኝ በጥሩ ሰዓት አልኩት።

አሁን በቀን ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ። የሚያሳስበኝ አርባው ቀን ነው። ያ ሲሞላ ሴትዮዋ ወደ አጥሩ ትመለሳለች ብሎኛል። ሲናገር እንኳ ቀና አላለም።

ኑሩ


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈንታነሽ፤

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎ ሙሉ ራሷ ናት። ስለዚህ ሰላምታውን ከእኔ አፍ ይልቅ ከልጁ ፊት ይቀበሉት፤ አገጩ ሁለት ሆኗል።

በይማም በላኩልኝ ቃል ለራስህም አስብ ብለውኛል። አስቤያለሁ። አስቤ ያደረግሁትን ልንገርዎ።

ካፒቴኑን፣ ይህ ልጅ የተወለደው ገሳይ ነው፣ ገሳይ ከዚህ ከፍ ይላል፣ ይበርዳልም፤ እዚያ መልሰን በደህና ሰዓት ካልቆጠርነው ቦታው ልቡን ይለውጠው አይለውጠው በምን ይታወቃል አልኩት። ዓይኑ በራ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ የጨመርኩለት ያህል ነው። የጦሩ ሹም የሽፍታ ሚስት አትወጣም ብሎ እንቢ አለ፤ ካፒቴኑ ጠረጴዛ እየመታ ተከራከረው። በመጨረሻ ከመንገዱ ሌላ የሰባት ቀን የይለፍ ወረቀት ጻፉላትና ዋስ ጠሩ። እኔ ነኝ አልኩ። ፈረምኩ። የካቲት 16 ካልተመለሰች የምያዘው እኔ ነኝ ማለት ነው።

እንዳይመልሷት። ለሙሉ ስነግራት በአንተ ላይ አላደርገውም ብላ ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ የሄደችው እኔም እንደማልቆይ ስነግራት ነው። የይፋጉ አጎቴ ጋ እንሄዳለን። ጀሚላ ዕቃዋን አስራ ጨርሳለች፤ ከዚህ ሁሉ ነገር ድስቷን ለማን እንደምትተው ብቻ ነው የጨነቃት። ከቀኑ በፊት ገበያተኛ መስለን እንወጣለን። ሥራዬን እወደው ነበር እትዬ። ያን ግቢ ሐኪሟ ሳለችም ስትሄድም ዘጠኝ ዓመት ጠርጌዋለሁ። መተዉ አይከብደኝም ብል ይዋሻል ይሉኛል። ግን ደህናውን ልጅ ወደዚህ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ወደ ቤቱ መመለስም የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ሰዓቱን ለሙሉ ሰጥቻታለሁ። ከማዳመጫው ጋር አንድ ላይ ይሁኑ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ሰባቱን ቀን ይቁጠሩልኝና ቁጥሩን በይማም ይፋግ ይላኩልኝ። ለካፒቴኑ አይደለም፤ እሱ አንድም አያይም። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ሰው አስጨንቄያለሁና ሰባቱንም ትክክለኛ ቁጥር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ኑሩ


ገሳይ፣ የካቲት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ይፋግ፣ ለኑሩ፤

በሰላም ገብታችሁ እንደሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። የጀሚላ እግር እንዴት ሆነ? ይማም ማበጡን ነግሮኛል፤ በሞቀ የጨው ውኃ ትንከረው። ማሩ ስትወጡ አይቷችሁ ፊቱን ወደ ግንቡ ማዞሩንም ሰምቻለሁ። እንግዲህ በጸሎቱ አልቀልድበትም።

ሙሉና ልጁ የካቲት 7 ከምሳ በፊት ደረሱ። ሰዓቱን መጀመሪያ የያዙት አባቴ ናቸው። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሲመታ ሰሙና «ይኸ ደግሞ የማን ልብ ነው?» አሉኝ። ቅናት ሳይይዛቸው አልቀረም። እኔ በሰዓቱ ስቆጥር እሳቸውም እንደ ድሮው ከግድግዳው ውጭ ተቀምጠው ይደግማሉ፤ ሁልጊዜ አርባ አንድ ሴኮንድ ላይ ለዓለመ ዓለም አሜን ይላሉ። ሰዓቱ ልክ መሆኑን ያረጋገጥኩት በእሳቸው ነው።

ቁጥሩ እነሆ። በመጣበት ቀን መቶ አርባ አራት ነበር፤ መንገድ ስላደከመው ይሆናል። በማግስቱ መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ከዚያ መቶ አርባ፣ የካቲት 10 መቶ ሠላሳ ስድስት። የካቲት 11 አርባ ቀኑ ሞላና ክርስትና ተነሣ። ቄሱ ውኃው ውስጥ ሲነክሩት በጣም ጮኸ፤ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ብቆጥረው መቶ ሰባ ሦስት ሆነ፣ ሴቶቹ ምን ሆነች ብለው ከበቡኝ። ጾም ስለገባ ድግሱ ሽሮና ክክ ነበር፤ ማንም አልቀረም። እናቱ ስሙን አየነው ብላዋለች። የካቲት 12 መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። በሁሉም ቀን ሲተኛ ወደ መቶ ይወርዳል። ገሳይ ልቡን አልለወጠውም፤ ይህን ለካፒቴኑ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ሰባተኛው ቀን ልጻፍልህ። የካቲት 13 ጠዋት ማዳመጫውን በመዳፌ እያሞቅሁ ሳለሁ ዘውዱ ገባ። አምስት ወር ሙሉ አላየሁትም ነበር፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ልጁን ከተወለደ አይቶት አያውቅም። ጠመንጃውን ከበሩ ጎን አስደገፈ፣ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ፣ ከዚያ መቅረቡን ፈራው። ሙሉ የልጁን ደረት ገለጠችለትና «ና ስማው» አለችው። ማዳመጫውን ሰጠሁት፣ አያያዙን አሳየሁት። ተንበርክኮ ጆሮውን አስጠጋ። እኔ ሰዓቱን ይዤ ጀምር አልኩት።

ደቂቃው ሲሞላ በቃ አልኩት። አልተነሣም። ሁለተኛው ደቂቃ ሞላ፣ ሦስተኛውም። አባቴ ከውጭ ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ። ክርስትናው ስላለፈ ገብተው ሊቀመጡ ይችሉ ነበር፤ እዚያ መቀመጡን ለመዱት መሰለኝ።  ልጁ የአባቱን ፀጉር በእጁ ያዘ።

ቀና ሲል «ስንት ነው?» አልኩት።

«መቁጠር ነበረብኝ እንዴ?» አለኝ።

ፊቱ በእንባ ርሷል። ሙሉ ሳቀች። ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆና ሳቋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከቀትር በኋላ ሦስቱም አብረው ሄዱ፤ ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ የሰባተኛው ቀን ቁጥር የለኝም። ይቅርታ አድርግልኝ።

ፈንታነሽ ወርቁ